ውሃ ለሚቋጥረው ጥግ የሚሆን አበባ

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በዚህ ብርድ፣ ያውም በእረፍት ቀናችሁ፣ ስለ አንድ አበባ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ግቢው ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ቦታ ያለው ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። አይገርምም። እዚህ ሜሪላንድ ብዙዎቻችን የምንኖረው ሸክላማ አፈር ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ቶሎ አይሰርግም። ከጣሪያው አሸንዳ የወረደው ሁሉ ሄዶ አንድ ጥግ ላይ ይተኛል። ሣሩ ይበሰብሳል። ማጨጃው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

እኔም እንዲህ ያለ ጥግ ነበረኝ። ዓመታት ታገልኩት። አፈር አስመጥቼ ሞላሁት፤ ሰመጠ። ሣር ዘራሁበት፤ በሰበሰ። በመጨረሻ ቱቦ ላስቀብር ብዬ ዋጋ ስጠይቅ የሰማሁት አስደነገጠኝና ተውኩት። ዛሬ ከግቢዬ ሁሉ አብልጬ የምወደው ቦታ እሱ ነው። በጁላይ ጠዋት ቡናዬን ይዤ የምቀመጠው እዚያ ነው። ጥጉ አሁንም ውሃ ይቋጥራል። ማድረቁን ትቼ ውሃ የሚወድ ነገር ተከልኩበት፣ በቃ።

አበባው በእንግሊዝኛ ስዋምፕ ሚልክዊድ ይባላል። ሲተረጎም የረግረግ የወተት አረም እንደ ማለት ነው። አረም መባሉን አልወደውም። እኔ የጨፌ ሚልክዊድ እለዋለሁ። ጨፌ ርጥበት የማይለየው፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ሣራማ ሜዳ አይደል? ልክ የእሱ ቦታ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አስክሌፒያስ ኢንካርናታ ነው። አስክሌፒዮስ የጥንት ግሪኮች የሕክምና አምላክ ነበር። ኢንካርናታ የሚለው ደግሞ የአበባውን ሥጋ መሰል ሮዝ ቀለም ይገልጻል።

ቅጠሉን ስትቀነጥሱት ነጭ ወተት ያፈሳል። ቆላ ያደጋችሁ ጦቢያውን ታስታውሱ ይሆናል። ያ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ሲሰበር ወተቱ የሚንጠባጠብ ቁጥቋጦ። ዘመዳሞች ናቸው። ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው የመጡት። ይኼኛው ግን የዚህ አገር በቀል ነው። ከምሥራቅ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ሮኪ ተራሮች ድረስ በወንዝ ዳር፣ በኩሬ ዙሪያ፣ በርጥብ ሜዳ ላይ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል።

ቁመቱ ከ3 እስከ 5 ጫማ ይደርሳል። ረጅም ሰው ወገብ፣ አንዳንዴም ደረት ድረስ ማለት ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው። ከጁላይ እስከ ኦገስት ጫፉ ላይ ጥቃቅን ሮዝ አበቦች በዘለላ ይፈካሉ። ሽታው እንደ ቫኒላ ነው። ማታ ማታ ሞቅ ያለ አየር ሲኖር መስኮት ድረስ ይመጣል።

የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው። አንደኛ ፀሐይ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት። ጥላ ውስጥ ከተከላችሁት ይረዝማል፣ ይዘምማል፣ አበባውም ይሳሳል። ሁለተኛ ርጥበት። ሸክላማ አፈር አያስፈራውም። ሥሩ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ እንዲኖር ሆኖ የተሠራ ነው። የአሸንዳችሁ ውሃ የሚወርድበትን ቦታ ይወደዋል። ውሃ የሚቋጥር ጥግ የሌላችሁ አትዘኑ፤ በተራ የአትክልት መሬት ላይም ይኖራል። ያን ጊዜ ግን በጁላይና በኦገስት ውሃ ማጠጣት አለባችሁ። አፈሩ ላይም ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዝጉዙለት። ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

ትንሽ ግቢ ላላችሁ አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። ተራው ሚልክዊድ፣ በየመንገዱ ዳር የምታዩት ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሥሩ ከመሬት በታች ይሮጣል። አንድ ቦታ ተክላችሁት በሦስተኛው ዓመት ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። የጨፌው እንዲህ አያደርግም። ባለበት ተሰብስቦ ይቆማል። በመካከላቸው ጫማ ተኩል ወይም ሁለት ጫማ ትታችሁ ሦስት አራት እግር ብትተክሉ ይበቃል። አንዴ ከተተከለ ግን አታንቀሳቅሱት። ሥሩ መነካካት አይወድም።

በየዓመቱ ከሥሩ የሚመለስ ተክል ነው። ውርጭ ሲመጣ ግንዱ እስከ መሬት ይደርቃል። እዚህ ላይ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁና ስሙኝ። በመጀመሪያው ዓመት ኤፕሪል መጣ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ አቆጠቆጡ፣ የእኔ የለም። ሞቷል ብዬ በአካፋ ገለበጥኩት። ከሥር ነጭ ወፍራም ሥሮች ወጡ። ጫፋቸው ላይ ቡቃያ ነበር። ሕያው ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህ ተክል ከእንቅልፉ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። አንዳንዴ እስከ ሜይ አጋማሽ ይቆያል። ስለዚህ በመከር የተተከለበት ቦታ ላይ እንጨት ትከሉ፤ ምልክት ይሁናችሁ። የደረቀውን ግንድም ቶሎ አትቁረጡ። አንዳንድ የዱር ንቦች በደረቀ ግንድ ውስጥ ይራባሉ። ኦሪዮል የሚባሉት ብርቱካናማ ወፎች ደግሞ በሜይ መጥተው ከአሮጌው ግንድ ላይ ክር ክሩን እየላጡ ጎጆ ይሠሩበታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ መቀስ ማንሳት እንዴት ያስችለኛል?

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዘሩን በኤፕሪል ጥሩ አፈር ውስጥ ይዘራል፤ ያጠጣል፤ ይጠብቃል፤ ምንም አይወጣም። «ዘሩ የሞተ ነው» ይላል። ዘሩ አልሞተም። ተኝቷል። ለምን እንደሚተኛ ካሰባችሁት ብልህነት ነው። ዘሩ የሚረግፈው በኦክቶበር ነው። ወዲያው ቢበቅል በሚቀጥለው ወር ውርጭ ይፈጀዋል። ስለዚህ ረጅም ቅዝቃዜ ካላለፈበት አይነቃም። ብርዱ እንዳለፈ የሚያውቀው ብርዱን ስለቀመሰ ነው።

ይህን ብርድ ልንሰጠው የምንችለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፍሪጅ ነው። ሶፍት አርጥባችሁ ጨምቁት። ውሃ መንጠባጠብ የለበትም። ዘሩን በላዩ በትኑና እጠፉት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ቀን ይቆይ። ፍሪዘር አይደለም፤ ፍሪጅ። በየሳምንቱ እያያችሁ ሶፍቱ ከደረቀ አርጥቡት። ከዚያ አውጥታችሁ ሞቅ ያለ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ዝሩት። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ አልብሱት። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው መንገድ የእኔ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን ሰማይ ይሠራዋል። ባዶ የወተት ጀሪካን ውሰዱ፤ ያን አንድ ጋሎን የሚይዘውን። ከታች ቀዳዱት። ወገቡን ዙሪያውን ቁረጡና በአንድ በኩል እንደ ክዳን ይያያዝ። አፈር አስገቡበት፣ ዘሩን ዝሩ፣ አጠጡ፣ በፕላስተር ዝጉት። ቡሹን አውልቁት፤ ዝናቡ በዚያ ይገባል። በዲሴምበር ደጅ አውጡት፤ በረዶ ይዝነብበት። አትንኩት። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ውስጡን ስታዩ አረንጓዴ ታገኛላችሁ። ክዳኑን ክፈቱለት። ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣና ውርጭ ሲያልፍ ወደ መሬት አዛውሩት። ከዘር የበቀለ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው የሚያብበው። የመጀመሪያው ዓመት የሥር ዓመት ነው።

ዘሩ የሚቀመጥበት ከረጢት ቀጭንና ወደ ላይ የቆመ ነው። ሲበስል በስፌቱ ላይ ይሰነጠቃል። ውስጡ ቡናማ ጠፍጣፋ ዘሮች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ታያላችሁ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ እንደ ሐር የሚያበራ ነጭ ጭራ አለ። ነፋስ ይዞት የሚበረው በዚያ ነው።

ስለዚህ ሐር አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከበኞች የሕይወት አድን ጃኬት የሚሞላው ካፖክ በሚባል የዛፍ ጥጥ ነበር። ይመጣ የነበረው በብዛት ከጃቫ ደሴት ነው። ጃፓን በ1942 ጃቫን ስትይዝ መንገዱ ተዘጋ። የሚልክዊድ ሐር ውሃ አያስገባም፤ ይንሳፈፋል። ስለዚህ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ልጆች ሊለቅሙት ጆንያ እየያዙ ወደ ሜዳው ወጡ። መፈክራቸው «ሁለት ጆንያ አንድ ሕይወት ያድናል» የሚል ነበር። የተሰበሰበው በብዛት ከተራው ሚልክዊድ ቢሆንም ሐሩ ያው ነው። ልጆች ካሏችሁ ይህን እያወራችሁላቸው የዘር ከረጢቱን አብራችሁ ክፈቱ። የእኔዎቹ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

አበባውን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ከሌሎች አበቦች የተለየ ነው። የብዙ አበባ ብናኝ ዱቄት ነው፤ ንቧ ስታርፍ ይለጠፍባታል። የዚህ ግን በሁለት ጥቃቅን ቢጫ ከረጢቶች ተቋጥሯል። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ ትንሽ መቆንጠጫ ተያይዘዋል። አበባው አካል ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ። ንቧ ጣፋጩን ልትቀስም ስታርፍ እግሯ ያዳልጣትና ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ስትጎትተው ያ መቆንጠጫ እግሯን ይይዛል። ሁለቱን ከረጢት ይዛ ትበራለች። ወደ ሌላ አበባ ስትሄድ ደግሞ ከረጢቱ በተመሳሳይ ስንጥቅ ውስጥ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ መግባት አለበት። ቁልፍና ጓጉንቸር በሉት። አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ከስንት አበባ አንድ ዘለላ ላይ አንድ ወይም ሁለት የዘር ከረጢት ብቻ የምታዩት ለዚህ ነው። ጉልበት የሌላቸው ትንንሽ ነፍሳት እግራቸው ተይዞ እዚያው የሚቀሩበት ጊዜም አለ። ያሳዝናል። ጠንካራዎቹ ግን፣ ባምብልቢ የሚባሉት ትልልቅ ንቦች፣ ተርቦችና ቢራቢሮዎች፣ ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል።

አሁን ይህን አበባ ወደምተክልበት ዋና ምክንያት ደረስኩ። ሞናርክ የሚባለውን ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ ሳታውቁት አትቀሩም። የሞናርክ ትል የሚበላው ሚልክዊድ ብቻ ነው። ጎመን ብትሰጡት፣ ጽጌረዳ ብትሰጡት አይቀምስም። ሚልክዊድ ከሌለ ሞናርክ የለም።

እናቲቱ ቅጠሉ ላይ ታርፍና በፊት እግሯ መታ መታ ታደርገዋለች። በእግሯ ነው የምትቀምሰው። ትክክለኛው ተክል መሆኑን ስታረጋግጥ ከቅጠሉ ሥር አንድ እንቁላል ትጥላለች። የመርፌ ራስ ያህላል፤ ቀለሙ እንደ እርጎ ነው። በአራት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ትሉ መጀመሪያ የራሱን የእንቁላል ቅርፊት ይበላል። ከዚያ ወደ ቅጠሉ። ግን ያ ነጭ ወተት ሙጫ ነው፤ ትንሹን ትል አፉን ሊያጣብቀው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ክብ ቦይ ያበጃል፤ ወተቱ በዚያ ይፈስሳል፤ ከዚያ መሃሉን ይበላል። ትልቅ ሲሆን የቅጠሉን ዋና ጅማት ነክሶ ይቆርጠዋል። ቅጠሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ወተቱ ይቆማል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም። ባየሁት ቁጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ወተቱ መርዝ አለው፤ ልብን የሚነካ ዓይነት። ትሉ ግን ይቋቋመዋል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ውስጥ ያከማቸዋል። በ1960ዎቹ ሊንከን ብራወር የሚባል ተመራማሪ ሞናርክን ለሰማያዊ ጄይ ወፎች ሰጥቶ ነበር። ወፎቹ በሉና አስታወኩ። ከዚያ ወዲያ ሞናርክን ለመንካት እምቢ አሉ። ያ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም «እንዳትሞክሩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

እኛም ይህንን እናስታውስ። ተክሉን ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ልጆች እጃቸውን እንዲታጠቡ አድርጉ። ቅጠሉን እንደ ጎመን ለመቀቀል የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

ትሉ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበላል። ከዚያ ራሱን አንጠልጥሎ አረንጓዴ ከረጢት ይሆናል፤ ዙሪያው የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት። ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። በጁንና በጁላይ የሚወጡት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ይኖራሉ። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር የሚወጡት ግን ሌላ ናቸው። አይራቡም። ወደ ደቡብ ይነሳሉ። ከእኛ ግቢ ተነስተው መካከለኛው ሜክሲኮ ተራራ ላይ፣ ኦያሜል የሚባል ዛፍ ደን ድረስ ይበራሉ። ከሰሜን የሚነሱት እስከ 3,000 ማይል ይጓዛሉ። ክብደታቸው የወረቀት ቁራጭ አያህልም። እዚያ ብርዱን አሳልፈው በማርች ይመለሳሉ፤ በደቡባዊ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች፣ በተለይ ቴክሳስ፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። እኛ ጋ የሚደርሱት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። መንገዱን አይተውት አያውቁም።

ተመራማሪዎች ያን ደን ያገኙት በጃንዋሪ 1975 ነው። ኬን ብሩገርና ካታሊና አጓዶ ናቸው የደረሱበት። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር፤ ቢራቢሮዎቹ ከየት እንደሚመጡ ነው ያልታወቀው።

ዛሬ ቁጥራቸው በጣም ወርዷል። በመካከለኛው ምዕራብ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ውስጥ ድሮ ሚልክዊድ ሞልቶ ነበር። አረም ማጥፊያ የሚቋቋም ዘር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲስፋፋ እርሻው ሁሉ ተረጨ፤ ሚልክዊዱ አለቀ። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሞናርክ ሥጋት ላይ ካሉ ዝርያዎች ጋር እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርቧል።

እንግዲህ ይህን አበባ ስትተክሉ የምትተክሉት እንዲበላ ነው። ይህ ለእኛ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። የተቦጨቀ ቅጠል ስናይ እጃችን ወደ መድኃኒት ይሮጣል። አታድርጉት። እኔ ዛሬ የሚያሳስበኝ ቅጠሉ ሳይነካ ሲቀር ነው። ትሎቹ እስከ ግንዱ ቢግጡትም እንደገና ያቆጠቁጣል።

ቢጫ ጥቃቅን ክሽክሽ ግንዱን ይወርራል። ሁልጊዜ ይመጣል። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ ለዚህ ነው በሳምንት ግንዱን የሚሸፍኑት። ያስጠላል እንጂ ጠንካራ ተክል አይገድልም። መጀመሪያ እንቁላልና ትል አለመኖሩን እዩ። ከዚያ በውሃ ቱቦ እጠቡት። ሳሙናም አትርጩ፤ ትሉንም ይገድላል። የሌዲበግ ጥንዚዛ ሲደርስ ክሽክሹን ይለቅመዋል።

ችግኝ ስትገዙ ደግሞ ጠይቁ። አንድ ዓመት ከአንድ ትልቅ መደብር የሚያምር ሚልክዊድ ገዛሁ። አንዲት ቅጠል አልተበላችም ነበር። ደስ ብሎኝ ተከልኩት። በሳምንቱ ሞናርክ መጣች፤ እንቁላል ጣለች። ትሎቹ ተፈለፈሉ፤ በልተው በማግስቱ ጠቁረው ወደቁ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ተክሉ ውስጡ ድረስ በሚገባ ፀረ ተባይ የታከመ ይመስለኛል። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባለው ዓይነት ሥር ገብቶ ቅጠሉም አበባውም ውስጥ ይቀመጣል፤ ታጥቦ አይለቅም። ስለዚህ ሻጩን «በኒዮኒኮቲኖይድ ታክሟል ወይ?» በሉት። በቅጡ ካልመለሰላችሁ አትግዙ። ብርቱካናማና ቀይ አበባ ያለው ትሮፒካል ሚልክዊድም በብዛት ይሸጣል። የዚህ አገር ተክል አይደለም። ሞቃት በሆኑ ደቡባዊ ግዛቶች በብርዱ ወራት ሳይደርቅ ስለሚቆይ ሞናርክን የሚያሽመደምድ ጥገኛ ተሕዋስ ይከማችበታል። ዘመድ ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ያላችሁ ንገሯቸው።

አንዳንዶቻችሁ «የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ይልክብናል» ብላችሁ ትፈራላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ለእኔም መጥቶልኛል። ግን ሜሪላንድ በ2021 ያወጣችው ሕግ አለ። ማኅበራት ለነፍሳት የሚሆን የአበባ ቦታንና የዝናብ ውሃ የሚይዝ አትክልትን በደፈናው እንዳይከለክሉ ያደርጋል። እንክብካቤው ግን የእናንተ ነው። ዳሩን በድንጋይ አጥሩት፤ በዙሪያው ያለውን ሣር እጨዱት። ጎረቤት ሆን ተብሎ የተተከለ መሆኑን ያያል፤ ነገር ይበርዳል።

ብቻውን አትተዉት። አጠገቡ ጆ ፓይ የሚባለውን ረጅም ሐምራዊ አበባና ቀዩን ሎቤሊያ ትከሉ። ሁለቱም ርጥበት ይወዳሉ። ለሴፕቴምበር ደግሞ የኒው ኢንግላንድ አስተርን ጨምሩ። ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱት ስንቅ የሚይዙት ያኔ ነው።

በሩ አጠገብ ትንንሽ ፖስታዎች አስቀምጫለሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሃያ ዘር አለ፤ ሁሉም ከዚያ ጥጌ በኦክቶበር የለቀምኩት ነው። አንዳንድ ውሰዱ። አሥሩን ፍሪጅ፣ አሥሩን ጀሪካን ውስጥ ሞክሩትና የትኛው እንደተሳካላችሁ በሜይ ንገሩኝ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።